እናቴ በስድስት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆነችብኝ፤ ይህ እርጅና ነው?

እናቷን ያለች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ። አሳጥሬ ብነግራችሁ ዋናው ነገር ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።

እማዬ 76 ዓመቷ ነው። ግፊት ካለባት 14 ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ያማታል። ከዚያ ውጭ ደህና ነበረች። ከሁለት ሳምንት በፊት የቤት ወጪ አብረን ስንደምር የተሳሳትኩትን ያረመችኝ እሷ ናት። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት አውቄ ነው። እናቴ ማን እንደነበረች እንድታውቁልኝ።

ማክሰኞ ማታ ከእንቅልፏ ተነሳችና «ልጆቹን አስገቢያቸው እንጂ፣ በርዷቸዋል» አለችኝ። ቤት ውስጥ ልጅ የለም። እሷ ግን ጥግ ላይ ቆመዋል ብላ በጣቷ ታሳየኛለች። ጠዋት ደህና ሆነች። ሕልም ነው ብዬ ተውኩት። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ስጠራት «አቤት» ትላለች፣ አንድ ነገር ትጀምርና መሃል ላይ ይጠፋባታል። ሲመሽ ደግሞ ተነስታ ከሞተች ብዙ ዓመት የሆናትን እህቷን ትጣራለች። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትቃዣለች። መሃል ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥርት ብላ ታወራኛለች። ያኔ ዳነች ብዬ ደስ ይለኛል፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሁለቴ ወድቃለች። ሁለቱም ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄድ ነው። በሁለተኛው ግንባሯን የበሩ ጠርዝ መታት። ትንሽ አብጧል።

ሐሙስ ዕለት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሽንቷ ታየ። «ባክቴሪያ አለ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተባለና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ስትሸና አያቃጥላትም። ትኩሳት የላትም፤ ስለካት 36.4 ነው። መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ እንዲያውም ባሰባት። ልንወጣ ስንል ደግሞ አንዱ ባለሙያ «በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፣ የመርሳት በሽታ እየጀመራት ነው፣ ልመጂው» አለኝ። ልመጂው! እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ቃል ነው።

የምትወስዳቸው መድኃኒቶች እነዚህ ናቸው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም፣ የቆየ ነው። አምሎዲፒን 10፣ ድሮ 5 ነበር፤ ግፊቷ ከፍ ስላለ ከአራት ወር በፊት ተጨመረ። ፍሮሴማይድ 40፣ ቁርጭምጭሚቷ ሲያብጥ ሌላ ሐኪም ከሁለት ወር ተኩል በፊት ያዘዘላት። ኦክሲቡቲኒን 5 በቀን ሁለቴ፣ ሽንት እያመለጣት ስለተቸገረች፤ ሦስት ሳምንቷ ነው። አሁን ደግሞ ሲፕሮው።

ይህ እውነት የመርሳት በሽታ ነው? ከሆነስ በስድስት ቀን እንዲህ ይመጣል? ወንድሜ ደግሞ ሌሊት እንድትተኛ ዲያዜፓም እንስጣት እያለኝ ነው። ልስጣት?


ታናሽየው፦

እህቴ፣ ይማርልሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግንባሯን መመታቷን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

አባባ 81 ዓመታቸው ነበር። የልብ ምታቸው ስለሚዛባ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን ወንበር ስተው ወደቁና ጭንቅላታቸው ወለል ነካ። ያን ቀን ምንም አልሆኑም። ሳቁ፣ ሳቅን፣ ረሳነው። ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀኝ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። እንቅልፍ እንቅልፍ አላቸው። «አርጅተዋል» ተባልን። እኛም አመንን። እህቴ እንቢ ብላ ሲቲ ስካን አስነሳቻቸው። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ተጠራቅሞ አንጎላቸውን ገፍቶታል። በትንሽ ቀዳዳ ቀዱላቸው። በሦስተኛው ቀን መነጽሬን አምጡልኝ አሉ።

ያኔ ሐኪሙ ያስረዳን ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሰው ሲያረጅ አንጎሉ በመጠኑ ስለሚያንስ በቅሉ ውስጥ ክፍት ቦታ ይኖራል። ደሙ እዚያ ቀስ እያለ ሲሞላ ለሳምንታት ምልክት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የወደቀች ዕለት ደህና ነበረች ብለሽ አትዘናጊ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው።


የውስጥ ደዌው፦

እህቴ፣ እናትሽን ይማርልሽ። የማይጠብቀውን አስቀድሜ ልመልስ። ዛሬ ማታውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። ነገ አትበይ። ግንባራቸውን ተመትተዋል፣ ንቃታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቀኑም ገፍቷል። ታናሽየው ያለው ትክክል ነው፤ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያስፈልጋቸዋል። ዲያዜፓም አትስጪ። በዚህ ሁኔታ ላይ ላሉ አረጋውያን መቃዠቱን ያባብሰዋል፣ ለሦስተኛ ጊዜም ይጥላቸዋል።

የቀረውን ተራ ስትጠብቂ አንብቢው።

የመርሳት በሽታ በስድስት ቀን አይመጣም። አልዛይመር በወራትና በዓመታት ነው የሚያዘግመው። ቤተሰብ «መቼ ጀመረ?» ሲባል ቀኑን መናገር ያቅተዋል። አንቺ «ማክሰኞ ማታ» ብለሻል። ለእኔ ግማሹን ምርመራ ያ ቃል ጨርሶልኛል። ይህ ዴሊሪየም የምንለው ነው። በድንገት ይጀምራል፣ በቀን ውስጥ ይለዋወጣል። ሰውየው ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ ማቆየት ያቅተዋል። በድንገት ጀምሮ መለዋወጡ አንድ፣ ሐሳብ ማቆየት ማቃቱ ሁለት፤ እነዚህ ሁለቱ የግድ ናቸው። በዚያ ላይ ንግግሩ ከተዘባረቀ ወይም ንቃቱ ከተዛባ ዴሊሪየም ነው እንላለን። እናትሽ አራቱም አላቸው። ዴሊሪየም ደግሞ መነሻ አለው። የአንጎል የድረሱልኝ ጩኸት ነው። «ልመጂው» የሚባልበት ነገር አይደለም፤ ይህን ያለሽ ሰው ተሳስቷል።

ሐሳብ ማቆየት መቻላቸውን አሁኑኑ ማየት ትችያለሽ። የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ እንዲጠሩልሽ ጠይቂያቸው። ሂሳብሽን ያረሙ ሴት ይህን ሳይቸገሩ ይሉት ነበር። ሰባት ወር ሳይደርሱ ከጠፋባቸው ለሐኪሙ ንገሪው።

ስለ ሽንቱ ልናገር፤ በየጊዜው የምናየው ስህተት ነው። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ሽንት ውስጥ ምንም ሳያማቸው ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሳያቃጥላቸው፣ ሳያተኩሳቸው፣ ጎናቸውን ሳያማቸው ባክቴሪያ ታየ ተብሎ ብቻ አንቲባዮቲክ አይሰጥም። ጉዳቱ የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። «ምክንያቱ ተገኘ» ይባልና ፍለጋው ይቆማል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ራሱ በአረጋውያን ላይ መቃዠት ሊያመጣ እንደሚችልም ይታወቃል። በሌላ በኩል 36.4 ስለሆነ ኢንፌክሽን የለም ማለት አይቻልም። በዚህ ዕድሜ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሳንባቸው ይታይ።

አሁን ወደ መድኃኒቶቹ። ዝርዝርሽን ሳነብ ወንበሬን አስጠግቼ ነው ያነበብኩት።

አምሎዲፒን ትናንሽ የደም ቧንቧዎችን ይከፍታል። መጠኑ ሲጨምር ፈሳሽ ወደ ታች ይሰርግና ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ሰውነት ውሃ ስለበዛበት አይደለም። ስለዚህ የሚያሸና መድኃኒት እብጠቱን ብዙም አይነካውም። እናትሽ ግን ፍሮሴማይድ ተጨመረላቸው፤ ያውም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እየወሰዱ። ሁለት የሚያሸና መድኃኒት ማለት ነው። ሽንት አመለጣቸው። ማን አያመልጠው? ያ ደግሞ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጠረና ኦክሲቡቲኒን መጣ። ኦክሲቡቲኒን አሴቲልኮሊን የሚባለውን መልእክተኛ ይዘጋል። ፊኛ የሚጨመቀው በእሱ ነው። አንጎል የሚያስታውሰውና የሚያተኩረውም በእሱ ነው። አንጀትም የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን የሚዘረዝር መመሪያ አለው፤ ቢርስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረና በ2023 የታደሰ ነው። እንዲህ መልእክተኛውን አጥብቀው የሚዘጉ መድኃኒቶች እዚያ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ዴሊሪየም ላለበት ወይም ለሚያሰጋው ሰው ይቅሩ ነው የሚለው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አምሎዲፒኑ ከ5 ወደ 10 ለምን አደገ? 14 ዓመት ሙሉ የተረጋጋ ግፊት ከአራት ወር በፊት ምን አስነሳው? ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሻል። ለጉልበቱ ምን እንደሚወስዱ አልጻፍሽም። ሂጂና መሳቢያቸውን ክፈቺ። ከትራስ ሥርም ፈልጊ። ያገኘሽውን ሁሉ፣ ቅባትም ሆነ ጠብታ፣ ቫይታሚንም ቢሆን፣ በአንድ ከረጢት ጠቅልለሽ ይዘሽ ሂጂ። ከራስሽ ተነስተሽ ግን ምንም አታቋርጪ። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ ጣጣ ያመጣል። እዚያ ያሉት አይተው ይወስኑ።

የሚታየው ብዙ ነው። በደም ውስጥ ያሉት ጨዎች ሶዲየምና ፖታሲየም፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ የደም ቆጠራ። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራም ያስፈልጋል፤ በዚህ ዕድሜ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደረት ሳያሳምም መቃዠት ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከሸኑ በኋላ ፊኛቸው ውስጥ ሽንት ቀርቶ እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይታይ። ሆዳቸው ደርቆ እንደሆነ ይጠየቅ። ግፊታቸው ተኝተው ይለካ፣ ከዚያ ቆመው በአንድና በሦስት ደቂቃ ይለካ። ላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ታችኛው በ10 ከወረደ ሌሊት የሚጥላቸው አንዱ ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ጮክ ብዬ ነው። ገና ወጣት ሐኪም ሳለሁ አንዲት እናት ዋርድ ውስጥ ተኝተው ነበር። አይጮኹም፣ አያስቸግሩም፣ ቀን ሙሉ ያንቀላፋሉ። «ጸጥ ያሉ ታካሚ» ብለን አለፍናቸው። እሳቸውም ዴሊሪየም ነበራቸው፤ ጸጥተኛው ዓይነት። ሳንባቸው ታሞ ነበር፤ ዘግይቼ ደረስኩበት። ልጃቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ «እናቴ እንዲህ አይደለችም» እያለች ነበር። አሁን ቤተሰብ እንዲህ ሲለኝ እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ነው የምቆጥረው። አንቺም እዚያ ስትደርሺ ደጋግመሽ በይው።


እናቷን ያለች፦

ድንገተኛ ክፍል ነኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ነው የምጽፈው።

ዶክተር፣ መሳቢያዋን ከፈትኩ። አይቡፕሮፌን 400 አገኘሁ። ባዶ እሽጎቹ ብቻ አሥራ አንድ ናቸው። ጎረቤት «ለጉልበት ፍቱን ነው» ብሏት ከአምስት ወር በፊት ነው የጀመረችው። በቀን ሁለቴ ሦስቴ ትወስዳለች። ለማንም ሐኪም ተናግራ አታውቅም። መድኃኒት አይመስላትም፤ «ማስታገሻ ነው እኮ» ትላለች። ደግሞ ክሎርፊኒራሚን አለ። ለማሳከክ ብላ ገዝታው እንቅልፍ ስለሰጣት ማታ ማታ ቀጥላበታለች።

ወራቱን ጠየቅኳት። ሦስቱን ጠራች። ከዚያ አየችኝና «ልጆቹ በሉ?» አለችኝ።


ፋርማሲ ቤት፦

ፋርማሲስት ነኝ። ዶክተሩ የጠየቀው ተመለሰ። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ፣ ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። የሃይድሮክሎሮታያዛይዱን ሥራም ያዳክማሉ። ስለዚህ ነገሩ ከጉልበት ነው የተነሳው። ለጉልበት ማስታገሻ፣ ማስታገሻው ላነሳው ግፊት አምሎዲፒን፣ አምሎዲፒኑ ላመጣው እብጠት ፍሮሴማይድ፣ ፍሮሴማይዱ ላመጣው ሽንት ኦክሲቡቲኒን፣ ኦክሲቡቲኒኑ ላመጣው መቃዠት ደግሞ ዲያዜፓም ሊጨመር ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል። ማንም ከረጢቱን አንድ ላይ ስላልዘረገፈው ነው።

ክሎርፊኒራሚን ደግሞ ከኦክሲቡቲኒን ጋር በአንድ መንገድ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ሲደመሩ ጫናው ያይላል። ሰው ግን ያለ ማዘዣ ስለሚገዛው ቀላል ይመስለዋል። የአለርጂ መድኃኒቶቹ ዲፌንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚንም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊንም።

እዚያ ላሉት ሐኪሞች አይቡፕሮፌኑን በተለይ ንገሪያቸው። ከሁለት የሚያሸና መድኃኒት ጋር ተደምሮ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ባዶ እሽጎቹን አሳዪያቸው፤ ከቃል ይልቅ ይታመናሉ።


የሌሊት ተረኛ፦

እህቴ፣ ነርስ ነኝ። አረጋውያን ዋርድ ነው የምሠራው። ዶክተሮቹ መንስኤውን ይፈልጉ፤ እኔ ስለ ሌሊቱ ልንገርሽ። ሌሊቱ የእኛ ነው።

መነጽራቸውን ይዘሽላቸዋል? የመስሚያ መሣሪያ ካላቸውስ? ብዙ ጊዜ ቤት ይረሳል። የማያይና የማይሰማ ሰው በማያውቀው ክፍል ሌሊት ላይ ቢቃዥ ምን ይገርማል። የሚያውቁት ፊት አጠገባቸው ይሁን። ከወንድምሽ ጋር ተራ ግቡ፤ ብቻሽን ከሆንሽ ሦስተኛው ቀን ላይ አንቺም ትወድቂያለሽ።

ልጆቹን ሲያዩ «የለም፣ ተሳስተሻል» ብለሽ አትከራከሪ። «አዎ፣ አያቸዋለሁ»ም አትበይ። ፍርሃታቸውን ያዢላቸው። «እኔ አልታዩኝም፣ ግን አንቺን እንዳስጨነቁሽ ገብቶኛል፤ እኔ እዚህ ነኝ» በይ። እጃቸውን ያዢ። የት እንዳሉና ቀኑ ምን እንደሆነ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ግን እንደ ፈተና አትጠይቂያቸው።

ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ በሰው ድጋፍ ጥቂት ይራመዱ። ሌሊት መብራቱ ይደብዝዝ፣ ወሬ ይቀነስ። ሲነሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ነው የሚቆሙት። ውሃ ስለ መጠጣቱ ግን ሐኪሙን ሳትጠይቂ አትገፋፊያቸው፤ ሶዲየማቸው ወርዶ ከሆነ ልኩን እነሱ ይወስናሉ።

ይታሰሩ ካሉሽ «ሌላ መንገድ የለም?» ብለሽ ጠይቂ። ማሰር ያስደነግጣል፣ መታገል ያመጣል፣ መቃዠቱንም ያባብሰዋል። የማረጋጊያ መርፌም የመጨረሻ አማራጭ ነው። ራሳቸውን ወይም ሰውን ሊጎዱ ሲሉ፣ በትንሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። በእኛ ዋርድ ብዙውን ሌሊት የምናልፈው ያለ መርፌ ነው። ጊዜ ይፈጃል። ግን ይቻላል።


እናቷን ያለች፦

ስምንት ቀን ተኝታ ትናንት ወጣች። ቤት ስንገባ ብዙ የምተኛ ይመስለኝ ነበር፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ታናሽየው፣ አንተ ባትጽፍ ኖሮ እንዲነሳ ሙጭጭ ብዬ አልጠይቅም ነበር።

ሶዲየሟ 122 ነበር። ትክክለኛው ከ135 እስከ 145 ነው አሉኝ። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሪያቲኒኗ 1.6፤ የዛሬ ዓመት 0.9 ነበር፣ ወረቀቱን አገኘሁት። ሸንታ ስትጨርስ ፊኛዋ ውስጥ 480 ሚሊሊትር ቀርቶ ነበር። ሽንት አመለጣት ተብሎ የተሰጠው መድኃኒት ሽንቷን ቋጥሮባት ነበር ማለት ነው። ሞልቶ ነው ሲያንጠባጥብ የነበረው። ግፊቷ ተኝታ 146 በ80፣ ቆማ በሦስተኛው ደቂቃ 112 በ68 ሆነ። የልቧና የሳንባዋ ምርመራ ደህና ነው። ሆዷ ግን ለአምስት ቀን ደርቆ ነበር፤ እኔ አልጠየቅኳትም።

ሶዲየሙን ቀስ አድርገው ነው ያነሱት። ለምን አትቸኩሉም ብዬ ተናድጄ ነበር። አንዷ ወጣት ሐኪም ተቀምጣ አስረዳችኝ። አንጎል ዝቅ ካለው ሶዲየም ጋር ራሱን አስተካክሎ ስለሚቆይ በአንድ ቀን ከ8 በላይ ከወጣ ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ቀን 127፣ ከዚያ 131፣ ከዚያ 134። ሽንቷን እንዲያወጣ የገባላት ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ ሁለት ቀን ቆይቶ ወጣ። አይቡፕሮፌን፣ ክሎርፊኒራሚን፣ ኦክሲቡቲኒን፣ ፍሮሴማይድ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆሙ። ሲፕሮውም ቆመ። አምሎዲፒኑ ወደ 5 ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን ልጆቹ አልመጡም። በአምስተኛው ወራቱን ወደ ኋላ ስምንት ድረስ ጠራችልኝ። ግፊቷ ስንወጣ 138 በ76 ነበር። በአንድ መድኃኒት። የቁርጭምጭሚቷ እብጠት እየቀነሰ ነው።

ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰችም። ቃል ይጠፋባታል። ከሰዓት በኋላ ይደክማታል። የታይሮይድና የቢ12 ምርመራዋ ደህና ነው። የማስታወስ ፈተናው አሁን አይሠራም ተባለ፤ በሦስት ወር ተቀጠርን።

ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ይህ ድካም ይለቃታል? ጉልበቷስ? ትናንት ማታ እንደገና አመማት፤ ምን እንደምሰጣት ጨነቀኝ።


የውስጥ ደዌው፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ስምንት ወር ድረስ መጥራታቸውን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

መንስኤው ከተነሳ በኋላም አንጎል ለማገገም ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈጅበታል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁሉም ሰው ወደ ነበረበት አይመለስም። ዴሊሪየም የያዘው ሰው በኋላ ለመርሳት በሽታ ያለው ዕድልም ከፍ ይላል። የሦስት ወሩን ቀጠሮ አትዝለሉት። ያኔ የሚገኘው ውጤት ነው የሚታመነው። እስከዚያ ያዩት የነበረው ምስል ተመልሶ ቢመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው። ሶዲየሙና ክሪያቲኒኑም በሳምንት ውስጥ እንደገና ይታዩ።

ለጉልበቱ የሚቀባ ዳይክሎፌናክ ጄል አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው። ኩላሊታቸው ገና እያገገመ ስለሆነ መጀመሪያ የሚከታተላቸውን ሐኪም አስፈቅጂ። ፓራሲታሞል መጠኑን ሳያልፉ መሞከር ይቻላል፤ ለጉልበት ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ከሁሉም የምወድላቸው የጭን ጡንቻ ሥራ ነው። ጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ እጃቸውን ሳይደገፉ ከቻሉ ይነሱ፣ ይቀመጡ። አንቺ አጠገባቸው ቁሚ። በአምስት ጀምሩ። ጉልበቱን ይደግፋል፣ መውደቅንም ይቀንሳል። ፊዚዮቴራፒስት ካገኛችሁ የተሻለ ነው።

ስለ መውደቅ ካነሳን፣ በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ሁለቴ ወድቃ የአጥንት መሳሳት ሳይታይ መቅረት የለበትም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቂ።


እናቷን ያለች፦

አመሰግናለሁ። ዛሬ ከወንበር ሰባት ጊዜ ተነሳች። አምስት በቂ ነው ብላት እምቢ አለች።

የሌሊት ተረኛ፣ አንቺ እንዳልሽው ነበር ያደረግኩት። ዛሬ ጠዋት ራሷ አነሳችው። «ያን ጊዜ ጥግ ላይ ልጆች ነበሩ አይደል?» አለችኝ። «ለእኔ አልታዩኝም እማዬ፤ ለአንቺ ግን ይታዩሽ ነበር» አልኳት። ዝም አለች። «ፈርቼ ነበር» አለች። ስምንት ቀን ሙሉ ያልነገረችኝን ነው የነገረችኝ።

ከዚያ መነጽሯን ጠየቀች። ማቀዝቀዣው ላይ የለጠፍኩትን የመድኃኒት ዝርዝር ልታነብ ነው። አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። ጮክ ብላ አነበበችው፤ አምሎዲፒን 5፣ ጠዋት። ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ሌላውስ?» አለችኝ።

«ሌላ የለም» አልኳት።